ከወጥ ቤቱ በታች ያለው ኩሬ

በእኛ ዩኒቨርሲቲ ችግኝ ይቀበራል እንጂ አይተከልም። በየዓመቱ በአካባቢ ጥበቃ ሳምንት አመራሩ ነጭ ጓንት አጥልቆ ይመጣል፤ ካቻምና በተቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ አምና የደረቀውን ነቅሎ የዘንድሮውን ይከታል፤ ፎቶ ይነሣል፤ ጓንቱን አውልቆ ይሄዳል። ውሃ የሚያጠጣው ማን እንደሆነ ጠይቄ የሚመልስልኝ ሰው አግኝቼ አላውቅም። በዋናው በር አጠገብ ደግሞ አረንጓዴ፣ ቢጫና ሰማያዊ የቆሻሻ ማጠራቀሚያዎች ተደርድረዋል። ተማሪው ወረቀቱን ከፕላስቲኩ፣ ፕላስቲኩን ከምግብ ትርፍራፊው እየለየ ይጥላል። ጠዋት ጠዋት አንድ ጋሪ ይመጣና ሁሉንም እንደ አንድ እናት ልጆች አቅፎ ይዞ ይሄዳል። ከማጠራቀሚያዎቹ በላይ «ፕላስቲክ እንቀንስ» የሚል ባነር ተሰቅሏል። ባነሩ ፕላስቲክ ነው።

ይህን ሁሉ የምትመራው እህቴ ናት።

ታላቄ ናት፤ የአረንጓዴ ግቢ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ። እኔ እዚያው ዩኒቨርሲቲ የፍሳሽ ማጣራት አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ «ቃሪያው» ይሉኛል፤ የማላውቅ ይመስላቸዋል። አረንጓዴ ስለምወድ ያወጡልኝ ስም እንዳልሆነም አውቃለሁ።

እኔ ባነር የለኝም። ያለኝ ኩሬ ነው። ከተማሪዎች ወጥ ቤት በታች፣ ግቢው ወደ ወንዙ በሚያዘቀዝቅበት ጥግ፣ ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎቼ ጋር በአካፋ የቆፈርነው። ውስጡ ጠጠር ነው፤ በጠጠሩ ላይ ሸምበቆ በቅሎበታል። የሳህን እጣቢው፣ የልብስ ማጠቢያው አረፋ፣ የወጥ ቤቱ ቅባት በአንድ በኩል ይገባል፤ በጠጠሩና በሸምበቆው ሥር መሀል ቀስ እያለ ያልፋል፤ በሌላው በኩል ወጥቶ ወንዙን ይቀላቀላል። ከግቢው አጥር ባሻገር በዚያው ወንዝ ጎመንና ሰላጣ የሚያጠጡ ሰዎች አሉ። ሞተር የለው፣ መብራት የለው፣ ኬሚካል የለው። ሪባን የተቆረጠለት ቀንም የለም። ተኝቶ የሚሠራ ብቸኛው የዩኒቨርሲቲው ሠራተኛ እሱ ነው፤ ተኝተው የማይሠሩት ብዙ ናቸው።

ሸምበቆው በተተከለበት ዓመት ኳስ ፍለጋ የገቡ ልጆች ለጋውን ቡቃያ ስለረጋገጡት ዙሪያውን በሽቦ አጠርኩት። በሩ ላይ ቁልፍ አደረግሁ። በቆርቆሮ ላይ በራሴ እጅ «መግባት ክልክል ነው» ብዬ ጽፌ ሰቀልኩ። ቁልፉ ከኪሴ ወጥቶ አያውቅም።

አንድ ቀን በዋናው ሕንጻ መግቢያ ላይ ሰው ተሰብስቦ አየሁና ጠጋ አልኩ። ሊሠራ የታሰበው የአካባቢ ትምህርት ማዕከል ንድፍ ተለጥፏል። መስታወት በመስታወት የሆነ ሕንጻ፣ አዳራሽ ያለው፣ ስለ ውሃ ጥበቃ ፊልም የሚታይበት ትልቅ ስክሪን ያለው። የት እንደሚቆም ፈለግሁ። በእኔ ኩሬ ላይ ነው። ንድፉን የሠራው ሰው ኩሬውን አልሳለውም፤ በቦታው ላይ የጻፈው «ባዶ ቦታ» ብሎ ነው።

ስለ ውሃ ፊልም ለማሳየት ውሃ የሚያጣራውን ሊደፍኑት ነው! ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም፤ የእህቴን ቢሮ በር ሳላንኳኳ ከፍቼ ገባሁ። ከዚያ ያልኩትን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም። እስክጨርስ ጠበቀችኝ፤ ከልጅነታችን ጀምሮ የምታደርገው ነው። ቦታውን የመረጠው የግንባታ ክፍሉ እንጂ እሷ እንዳልሆነች፣ የሚያጸድቀውም የዩኒቨርሲቲው ጉባኤ እንደሆነ ነገረችኝ። የጉባኤውን አባላት ኩሬው ድረስ ልታመጣቸው ትችላለች። አንድ ነገር ብቻ ለመነችኝ፤ እስኪያዩት ድረስ ሸምበቆውን እንዳላጭደው።

ሸምበቆ በዓመት አንዴ፣ ዝናቡ ከመግባቱ በፊት፣ እስከ ጉልበት መታጨድ አለበት። ካልታጨደ የደረቀው አገዳ ይወድቅና ጠጠሩን ይደፍነዋል። በታጨደ ሰሞን ደግሞ ኩሬው ለዓይን ያስጠላል። ትንሽ ብትቆይ ምን አለበት አለችኝ።

«ኩሬው ሙሽራ አይደለም፣ እትዬ» አልኳት። «ለእንግዳ ብዬ አልኩለውም።»

በማግስቱ ተማሪዎቼን ማጭድ አስይዤ ገባሁ፤ አጨድነው።

የጉባኤው አባላት ሲመጡ የጠበቃቸው ቁርጥራጭ አገዳ የሞላበት ግራጫ ጭቃ ነበር። በሩ የሚከፈተው ፍሳሹ በሚገባበት በኩል ስለሆነ መጀመሪያ የተቀበላቸው ሽታው ነው፤ ከሽታው ቀጥሎ ዝንቡ። ሰብሳቢው የምህንድስና ዲን ናቸው፤ ጫማቸውን የሚጠብቁ፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው። ዙሪያውን አዩና ይህ ነገር ሞቷል እንዴ ሲሉ ጠየቁ። ማንም ሰው ሊጠይቀው የሚችል ጥያቄ ነበር። እኔ ግን አንድ የምህንድስና ሰው ይህን መጠየቁ ስለሚያሳፍርበት ምክንያት ንግግር አደረግሁ። ሰውየው ታግሠው ሰሙኝ። ከዚያ መሀረባቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው፣ በትሕትና፣ ለምን እንደሚሸት ጠየቁኝ።

«የሚሸተው ኩሬው አይደለም» አልኳቸው። «የሚሸተው የእናንተ ምሳ ነው።»

እህቴ የጫማዋን ጫፍ ታያለች። ዲኑ መሀረባቸውን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ፤ አመሰገኑኝ፤ ሄዱ።

ያልኩት እውነት ነበር። ዛሬም እውነት ነው። ጉባኤው ግን በግንባታ ክፍሉ ሐሳብ ተስማማና ሕንጻው እዚያው እንዲቆም ወሰነ፤ የቀረው ደንቡ የሚያዘው የመጨረሻ ጉብኝት ብቻ ነው፤ ከዚያ ፊርማ፣ ከዚያ አፈር።

እሑድ እሑድ እህቴ ቤት ከእናታችን ጋር ምሳ እንበላለን። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ አንደኛ ክፍል ያስተማረች ሴት ናት፤ አሁን የምትኖረው እዚያው ነው። እኔና እህቴን ዛሬም ድረስ በጠረጴዛው ግራና ቀኝ ጫፍ ታስቀምጠናለች፤ አጠገብ ለአጠገብ ከሆንን እንደምንቆነጣጠር ታውቃለች። የዚያን እሑድ እጄን ሳልታጠብ ነገር ጀመርኩ። ስለ ችግኙ አነሣሁ፤ ስለ ጋሪው አነሣሁ፤ ባነሩ ላይ ስደርስ እህቴ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«እሺ፣ እኔ ባነር ሰቃይ ነኝ» አለች። «አንተስ? ያ ኩሬ ምን እንደሚሠራ በዚህ ግቢ ውስጥ ማን ያውቃል?»

ተማሪዎቼ ያውቃሉ አልኳት።

«ማርክ የምትሰጣቸው። ሌላስ?»

ሌላው ሰው መጥቶ ጠይቆኝ አያውቅም አልኩ።

«መግባት ክልክል ነው ብለህ ጽፈህ ማን ይጠይቅህ፣ አንተ ልጅ? እኔ እህትህ እንኳ ውስጡን ያየሁት ከጉባኤው ጋር ነው። ወጥ ቤት የሚሠሩት ሴቶች ምን እንደሚሉት ታውቃለህ? ‹የመምህሩ ረግረግ› ነው የሚሉት። ይደፈናል ሲባሉ እሰይ፣ ትንኙ ቀነሰልን አሉ። እኔ አልዋሸሁባቸውም፤ አንተ ነህ ያልነገርካቸው።»

አፌ ላይ የመጣው ሁሉ ስድብ ነበር፤ ስድብ ደግሞ እናቴ ጠረጴዛ ላይ አይወጣም።

እናቴ እስከዚያ ድረስ ትበላ ነበር። «አንዷ ባዶ ድስት ተሸክማ ኑ ብሉ እያለች በየሰፈሩ ትዞራለች» አለች፤ «አንዱ የሞላ ድስት ክዳን ላይ ተቀምጧል። መሀል ላይ ምሳው የቀዘቀዘብኝ እኔ ነኝ።»

እህቴ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም፤ ግን እጄን ታጥቤ መጣሁ።

ሳህኑ ሳይነሣ ተስማማን። በመጨረሻው ጉብኝት የምትናገረው እሷ ናት፤ እኔ ከኋላ ሆኜ አፌን ይዤ እሄዳለሁ። በምላሹ ከልቧ እንድትሟገት ኩሬውን ላስተምራት። እዚያው ጠረጴዛ ላይ ጀመርን። ትሪውን ኩሬ አደረግሁት፤ የዳቦ ፍርፋሪውን ጠጠር፤ ሹካዎቹን ሸምበቆ። ውሃው ለምን እንደሚዘገይ አሳየኋት። ከሁሉም በላይ ደጋግሜ የነገርኳት አንድ ነገር ነው፤ ቆሻሻውን የሚበላው ሸምበቆው አይደለም። የሚበሉት በጠጠሩና በሥሩ ላይ የሚኖሩ፣ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ናቸው። ሸምበቆው የሚያደርገው ከቅጠሉ አየር እየሳበ በሥሩ በኩል ለእነሱ ማውረድ ነው። «ሸምበቆው ቆሻሻውን ይበላል» ብሎ የጻፈልኝን ተማሪ ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ ስሰርዝ ኖሬአለሁ አልኳት። ደግማ አለችልኝ። እናቴም ደግማ አለችልኝ፤ እውነቱን ለመናገር እናቴ ቀድማ ያዘችው።

ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት በየማለዳው ወደ ኩሬው እወርድ ነበር። ዝናቡ ገባ። ከተቆረጠው አገዳ ጎን አረንጓዴ ሹል ሹል ነገር ብቅ አለ፤ ከዚያ ጉልበት ደረሰ፤ ከዚያ ወገብ። አንድ ጠዋት ቁልፉን ቤት ረስቼው መጣሁና ከሽቦው ውጭ ቆሜ ቀረሁ። ካጠርኩት ወዲህ እንዲህ ከውጭ ቆሜ አይቼው አላውቅም ነበር። ከውጭ ሲታይ የዛገ ሽቦ አለ፤ አንድ የተቆጣ ቆርቆሮ አለ፤ ሽታ አለ። ሌላ የሚታይ ነገር የለም። በዚህ በኩል የሚያልፍ ሰው፣ ይህን ቦታ ደፍነን መስታወት ቤት እንሥራበት ቢሉት፣ በምን አውቆ ይቃወማል? እኔ የተናደድኩት ባዶ ቦታ ብሎ በጻፈው ሰው ነበር። ሰውየው በዚህ አጥር በኩል አልፎ ይሆናል። ያየውን ነው የጻፈው። ይህን ሳስብ ሌላ ዓይነት ንዴት መጣብኝ፤ ይኸኛውን የማወርድበት ሰው ግን አጠገቤ አልነበረም።

የጉብኝቱ ቀን ቁልፉን ይዤ በሩ ላይ ስጠብቅ ማንም አልመጣም። እህቴ ሰዎቹን ይዛ ወጥ ቤቱ ጀርባ ናት ብለው ነገሩኝ። ሮጬ ሄድኩ። የሳህን እጣቢው ከግድግዳው ሥር በሚወጣበት ቱቦ አጠገብ አቁማቸዋለች። ውሃው ትኩስ ነው፤ እንፋሎቱ ይወጣል፤ ቅባቱ ከላይ እየተንሳፈፈ ቦዩን ይዞ ይወርዳል። ዲኑ መሀረባቸውን አውጥተዋል።

«ይህ የኛ ምሳ ነው» አለቻቸው።

የኔው ዐረፍተ ነገር! «የእናንተ»ን አውጥታ «የኛ»ን ከማስገባቷ በቀር ምንም አልጨመረችበት። ማንም አልተቀየመም። እንዲያውም ከአባላቱ በዕድሜ የገፉት የሕግ መምህር የዛሬው ቅባት በዝቶበታል ብለው ሌሎቹን አሳቁ።

ከዚያ በቦዩ ዳር ዳር ይዛቸው ወረደች። እኔ ከኋላ ነኝ። በሩ ላይ ስንደርስ ቁልፉን ጠየቀችኝ፤ ሰጠኋት። ሸምበቆው ትከሻ ደርሷል፤ ነፋሱ ያስተኛዋል፣ ይነሣል። በሸምበቆው መሀል ባለው ጠባብ ድንጋይ ላይ ተራ በተራ አሻገረቻቸውና ውሃው የሚወጣበት ጫፍ ላይ ስትደርስ ቆመች። ሰዎቹም ቆሙ። ውሃው ከድንጋዩ ሥር እየተንኮለኮለ ወደ ወንዙ ይወርዳል። ዲኑ ሳይታወቃቸው መሀረባቸውን ከአፍንጫቸው አወረዱ። እኔ በዚያ ሁሉ ንግግር ያላስረዳሁትን አፍንጫቸው ነገራቸው።

ከዚያ ዲኑ እንዴት እንደሚሆን ጠየቁ። እህቴ በሚገባ ጀመረች። ስለ ጠጠሩ ተናገረች፤ ውሃው ለምን እንደሚዘገይ ተናገረች። ከዚያ ሞቅ አላትና እጇን ወደ ሸምበቆው ዘርግታ፣

«ከዚያማ ሸምበቆው ቆሻሻውን ይበላዋል» አለች።

ምላሴን ነከስኩ፤ በምሳሌ አይደለም፣ በጥርሴ። ዲኑ ቅንድባቸውን አነሡ። መሐንዲስ ናቸውና የሆነ ነገር ሸተታቸው። ዞር አሉና ከሰው ሁሉ ኋላ የቆምኩትን እኔን ፈለጉ።

«መምህር፣ እውነት ነው?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እህቴ ስህተቷ ገብቷት ዓይኗ እንደገና ጫማዋ ላይ ወድቋል። አይደለም ብል በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ትዋረዳለች፤ ያስረዳቻቸውም ሁሉ አብሮ ይፈርሳል፤ ከነገ ወዲያ እዚህ አፈር የጫነ መኪና ይቆማል። አዎ ብል ደግሞ በዚህ ዓለም ላይ በእርግጠኝነት ስለማውቀው አንድ ነገር ልዋሽ ነው። በሕይወቴ አይደለም ለማለት አንድም ቀን ተቸግሬ አላውቅም። ያን ጊዜ ግን ቆምኩ። ተቃዋሚ መምታት እንጂ እውነትን ሰው ሳይመቱ መናገር ማን አስተምሮኝ! ጠረጴዛው ትዝ አለኝ፤ ትሪው፣ ሹካዎቹ፣ እናቴ።

«ሸምበቆው ጋባዡ ነው» አልኩ በመጨረሻ። «በላተኞቹ ከሥሩ ናቸው፤ በዓይን አይታዩም። የሚኖሩት ግን እሱ በሚያወርድላቸው አየር ነው። እሱ ከተነሣ ማዕዱ ይነሣል።»

ዲኑ አሰቡና ራሳቸውን ነቀነቁ። ሽማግሌው የሕግ መምህር ሳቁ፤ «ታዲያ እኛ ዛሬ የመጣነው የጋባዡን ቤት ልናፈርስ ነዋ» አሉ።

ሕንጻው አሁን የሚሠራው በአመራሩ የመኪና ማቆሚያ ላይ ነው። መኪናቸው ፀሐይ ሲመታው ደስ አይለኝም ብል እዋሻለሁ። ኩሬው ግን በነጻ አልተረፈም። ጉባኤው የማዕከሉ ክፍል ይሁን ብሎ ሲወስን አጥሩ እንዲነሣ፣ በመሀሉ ሰፊ መተላለፊያ እንዲወጣለት፣ መግለጫ እንዲቆምለት አዘዘ። መተላለፊያውን ተከራከርኩ፤ ሸምበቆው ይረገጣል አልኩ፤ ተሸነፍኩ። ሽቦውን በራሴ ጉጠት ቆረጥኩት። በተከፈተ ሰሞን ዳር ዳሩ እንዳልኩት ተረገጠ። ወደ እህቴ ቢሮ ሄጄ ጮህኩ፤ ድንጋይ አስደረደረችበት። ዳሩ ላይ ያለው ሸምበቆ ዛሬም እንደ መሀሉ አይደለም። ወጥ ቤት ከሚሠሩት ሴቶች አንዷ ግን፣ ቅባቱን ወደ ቱቦው ከመድፋታቸው በፊት በወንፊት መያዝ እንደጀመሩ ነገረችኝ። ማንም አላዘዛቸውም። አንድ ቀን ጫፉ ድረስ ወርደው አይተው ነው።

መግለጫውን የጻፈችው እህቴ ናት። «የምንጥለውን ይህ ሸምበቆ ይበላል።» ረቂቁን ሳየው እንደ ድሮው በሩን ሳላንኳኳ ገባሁባት። ጋባዥ ነው በይ እንጂ አልኳት። ጋባዥ ብለን ከጻፍንማ ሰዉ ምግብ ቤት መስሎት ሳህን ይዞ ይሰለፋል አለችኝ። አልቀየረችውም። ያሸነፍኩት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ መግለጫው በእንጨት ላይ ተጻፈ።

ስንት ቀን እንደታገሥኩ እኔ አውቃለሁ። አንድ ከሰዓት በኋላ ወፍራም ማርከር በኪሴ ይዤ ወረድኩ፤ ላርመው። ከመግለጫው ፊት ለፊት የእኔ ተማሪዎች ያልሆኑ ልጆች ቆመዋል። አንዷ የሒሳብ አያያዝ መጽሐፍ በብብቷ ይዛለች። ጓደኞቿ ወደ ምሳ ይጎትቷታል፤ እሷ አልነቃነቅም ብላለች።

«ተክል ቆሻሻ ይበላል? ማንን ሊያታልሉ ነው?»

ይኸው ተጽፏል አይደል አለ አንዱ።

«ተጽፎ ስለተሰቀለ? ፕላስቲክ እንቀንስም እኮ ተሰቅሏል።»

የማርከሩን ክዳን ገና ከፍቼው ነበር። መልሼ ዘጋሁትና ኪሴ ከተትኩት። ልጅቷ መኖሬን አይታ ደነገጠች፤ ማን እንደሆንኩ ሳታውቅ አልቀረችም። ያርመኛል፣ ያዋርደኛል ብላ ጠበቀች።

«ኑ» አልኳቸው። «ከወጥ ቤቱ ጀርባ እንጀምር።»